ገዢ የሌለው ኮምፒውተር

ዲላ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ ሙሐሲን፣

ሚስራና ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኛ እዚህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአንተና ከእኔ ጩኸት በስተቀር። እማ ትናንት ስልኩን ከእጄ ነጥቃ የዘጋችው በአንተ ተናዳ እንዳይመስልህ። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ቆመው ያዳምጡን ስለነበር አፍራ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ሁለታችሁ በስልክ አታወሩም፤ ተጻጻፉ" ብላ ፈርዳለች። ስለዚህ ይኸው በቴሌግራም የደብዳቤ ያህል ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ። አንተም ድምፅ ቀድተህ እንዳትልክ፤ ድምፅህ ተቀድቶም ይጮኻል።

ስልኩ ሲዘጋ የጠየቅከኝን ልመልስ። ራይዘን የሚባለውን የኮምፒውተር ነገር ማንም ጆሮዬ ውስጥ አልከተተውም፤ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። ከሩቅ ሆነህ ግማሹን ብቻ ስለሰማህ ከመነሻው ልንገርህ።

ከፍስሐ ገነት በላይ ያሉ የቡና ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመዋል፤ ሊቀመንበሩ አቶ ባልቻ ይባላሉ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናቸውን በራሳቸው ቀበሌ ስም ሊሸጡ ነው። የካቲት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ለሚከፈተው የቡና ኤግዚቢሽን የቡና ከረጢትና ትልቅ ባነር ያስፈልጋቸዋል። ሰዎቹ ሁሉ ሥራው አዲስ አበባ ይሰጥ ሲሉ፣ እሳቸው የሠራሁትን የሠርግ ጥሪ አይተው "ዲላ ልጅ እያለ ምን አዲስ አበባ ያስኬዳል?" ብለው ወደ እኔ መጡ። አባ ይህን ሲሰማ ከሱቁ ጎን ፍራሽ የሚቀመጥበትን ክፍል ለቀቀልኝ። ግን አባን ታውቀዋለህ፤ "እስከ ኤግዚቢሽኑ ያንቺ ነው። ሥራው ከተሳካ ትቀጥያለሽ፤ ካልተሳካ ፍራሼን እመልሳለሁ" አለኝ።

አሮጌው ላፕቶፔ የባነሩን ፋይል ስከፍትበት ይንቀጠቀጥና ይሞታል። ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው አንድ ዴስክቶፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5፣ የራሱ ግራፊክስ ያለው፣ ሚሞሪው ማለት ራሙ ደግሞ አንድ ትልቅ ሳይሆን ለሁለት እኩል የተከፈለለት፤ እንዲያ ሲሆን ግራፊክሱ ይፈጥናል። ሌላ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ሳያስፈልገኝ የምሠራውን ሁሉ ይችላል። በዚህ ዋጋ ለዲዛይን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ በደንብ ነው የፈለግኩት።

እህትህ ሀዲጃ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወዐለይኪ ሰላም እህቴ ሀዲጃ፣

ደብዳቤሽን ሱቄ ውስጥ ኮምፒውተሮቼ መሃል ቆሜ ሳነብ ሁለት ደንበኞች ጥለውኝ ሄዱ። ጉዳቱን አንቺ ላይ እጽፈዋለሁ። ሚስራ ሰላም ብላሻለች፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። እማን "ፍርድሽን ተቀብያለሁ" በይልኝ።

ትናንት በአጭሩ "አብዱልአዚዝ ምን አለ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከምትሰሚው ባትሰሚው ይሻልሽ ነበር፤ ግን ጠየቅሽ። የቤታችንን ወግ ታውቂያለሽ። የተቋቋመ ቀጣዩን ያቋቁማል። እኔን አባ አቋቋመኝ፤ እኔ ወንድማችንን አብዱልአዚዝን ሐዋሳ ላይ ጫማ ቤት አቋቋምኩ። ተራው የሱ ነበር። "ሴት ልጅ ትዳራለች እንጂ መቼ ተቋቁማ ታውቃለች?" ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበትና ነገሩን ራሴ ወሰድኩት። በዚህ ቤት የምትቋቋም የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ፤ የሚያቋቁምሽም እኔ ነኝ። በዚህ ምን ያህል እንደምኮራ ለሚስራ ስንቴ እንደነገርኳት ጠይቂያት፤ ሰልችቷታል።

ነገር ግን ወጉ ሌላም አለው። የመጀመሪያውን ዕቃ የሚመርጠው አቋቋሚው ነው። አብዱልአዚዝ የትኛውን ጫማ ይዞ እንደሚጀምር መርጬለት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለአንቺም መርጫለሁ። ኮር አይ ሰቨን ላፕቶፕ ነው፤ አራተኛ ጀነሬሽን፣ ከዱባይ የመጣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ብዙም ያላገለገለ፣ ጭረት የለበትም፣ አስመጪው እንደ ዓይኑ የሚያየው ዕቃ ነው። ራይዘን ያልሽውን ተይው። ይግላል ይላሉ፣ እዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም። ደግሞስ ዲላ መብራት እንደሚጠፋ እኔ ልንገርሽ? ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ዴስክቶፕሽ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራሽን ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ስሚ። እኔ መልሼ መሸጥ የማልችለውን ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። አይ ሰቨን በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ከተማ ገዢ አለው። ራይዘንሽን ግን ነገ ልሽጠው ብትዪ ማን ይወስድልሻል?

ወንድምሽ ሙሐሲን


ዲላ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ፣

"ለምን ዝም አልሽ?" ብለህ ደጋግመህ ጽፈሃል። ዝም ያልኩት ፈርጄብህ ሳይሆን እየፈተሽኩ ስለነበር ነው።

አክሱማዊትን ታስታውሳታለህ፤ አብራኝ የተማረችውና አሁን ፎቶ ቤት የከፈተችው። ሁለቱም እሷ ጋ አሉ። አንተ ያልከው ዓይነት አይ ሰቨን ደረሰኝ ትጽፍበታለች፤ ፎቶ የምታስተካክለው በራይዘኑ ነው። የባነሩን ፋይል በፍላሽ ይዤ ሄድኩና በሁለቱም ከፈትኩት። ባነሩ ላይ የጌዴኦን ማሳ እየሳልኩ ነው፤ ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡናው፣ ከታች እንሰቱ። ቅጠሉ ሁሉ ለየብቻ የተሠራ ስለሆነ ፋይሉ ከባድ ነው። አይ ሰቨኑ አንድ ቅጠል ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ቆም ብሎ ያስባል፤ እኔም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ራይዘኑ ግን እጄን ተከትሎ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ቁጥር ከአምስት የሚበልጠው አብረው በአንድ ዘመን ሲወጡ ነው። ያንተ አይ ሰቨን አራተኛ ጀነሬሽን ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲሱ ዊንዶውስ አይቀበለውም፤ የድሮው ደግሞ ከጥቅምት ወዲህ ድጋፉ ተቋርጧል። ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ሰባት ግን ያው ሰባት ነውና ገበያው ያንን አይቶ ይገዛል። የመብራቱ ነገር እውነትህን ነው፤ እሱን አላሰብኩትም ነበር። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይጨመርበት።

ይህን ሁሉ ብጽፍ ግን ያመመኝ እሱ አይደለም። "ነገ ልሽጠው ብትዪ" ያልከው ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ ለእኔ የመረጥክልኝ ዕቃ የምሠራበት አይደለም፤ የምዘጋበት ቀን ሲመጣ ገዢ የሚያገኝ ነው። ባነሩ ሳይሳካ፣ ፍራሹ ወደ ክፍሉ ሲመለስ፣ እኔም ስዳር፣ አንተ ሳትከስር የምትወጣበትን መርጠሃል። አብዱልአዚዝ ሴት አትቋቋምም አለ፤ አንተ ደግሞ ትቋቋማለች ብለህ መውጫውን አዘጋጀህ። ይህን ስረዳ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም።

ለምሠራበት ቀን ምረጥልኝ፤ ካልሆነም እኔ ልምረጥ።

ሀዲጃ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀዲጃ፣

ካርቶኑ ተመልሶ ደረሰኝ። ቴፑ እንኳን አልተነካም።

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ነበር ላፕቶፑን ለሹፌሩ ለበፍቃዱ ሰጥቼ የጫንኩልሽ። በፍቃዱ ሲመልሰው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "አልከፈተችውም፤ ለሙሐሲን መልስልኝ ብቻ አለች" አለኝ። ይህን ያለው ጎረቤቶቼ ሁሉ በሚሰሙበት ነው። እኔ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው ዕቃ መልሶብኝ አያውቅም፤ የገዛ እህቴ መለሰችብኝ።

ለአባ ምን ብለሽ እንደነገርሽው አላውቅም። እኔ ምንም አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። አብዱልአዚዝ ሰምቶ ስቋል።

የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሰላም ሁኚ።

ሙሐሲን


ዲላ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ ሙሐሲን፣

አውፍ በለኝ። ይቅርታ የምጠይቅህ ስለመለስኩበት መንገድ ነው፤ መመለሴን ግን ዛሬም አልጸጸትበትም። በፍቃዱን ከሰው ፊት እንዳይናገር ማስጠንቀቅ ነበረብኝ፤ አላሰብኩትም። አንተ በሰው ፊት ዝቅ እንድትል በፍጹም አልፈልግም። እኔ ዲላ ውስጥ ስለ አንተ የማወራውን ብትሰማ ታፍራለህ፤ ግማሹ ውሸት ነው።

አባ ካርቶኑ ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አይቷል። ምንም አላለኝም። እማ "የወንድምን ዕቃ መመለስ ነውር ነው፤ እንደ እርግማን ይቆጠራል" ብላ ስትጮህብኝ እሱ ፍራሽ ይቆጥር ነበር። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ያስፈራኛል።

አቶ ባልቻ ባለፈው ማክሰኞ በወናጎ በኩል መጥተው ክፍሉን ሊያዩ ገቡ። ዙሪያውን አዩና፣

"አንቺ ልጅ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ወንበር አለ። ማሽኗ የታለች?" አሉኝ።

"አንዱ መጥቶልኝ መለስኩት ጋሽ ባልቻ።"

"ለምን መለስሽ?"

"እርስዎ እሸት ቡና ሲረከቡ አረንጓዴውን ይቀበላሉ?"

"እንዴ! አረንጓዴ ያመጣ ሰው ቅርጫት ይዞ ነው የሚመለስ። ወንድሜ ቢሆንም እመልሳለሁ።"

"እኔም ወንድሜ ነው የላከልኝ።"

ሳቁ፤ ብዙ ሳቁ። ቀጥለው ግን ሳቁን ትተው፣ "እኛ ቡና እያጠብን፣ እያደረቅን፣ ስም የሚያወጣለት ሌላ ሰው ነበር። አሁን ስም ራሳችን ነው የምናወጣ። የገና ሰሞን ሥራውን አያለሁ፤ ያኔ ካልደረሰ አዲስ አበባ ይሠራል፤ በኔ ላይ ሰው ብዙ ነው" አሉኝ። እሳቸው እኔን በመምረጣቸው ሰዎቹ ሁሉ እንደሚያሟቸው ያኔ ገባኝ።

አሁን አክሱማዊት ጠዋት ፎቶ ቤቷን ሳትከፍት በፊት በራይዘኗ እንድሠራ ፈቅዳልኛለች። ደንበኛ ሲመጣ እነሳለሁ። በዚህ አካሄድ ለገና እንደማይደርስ ግልጽ ነው። ከአንተ ግን ምንም አልጠይቅም። ፋይሉን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ እህትህ ምን እየሠራች እንደሆነ እንድታይ ብቻ።

ሀዲጃ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወዐለይኪ ሰላም ሀዲጃ፣

ጠፍቼ ሰነበትኩ። ተናድጄ ነበር፤ አሁን በርዶልኛል። ያበረደኝን ልንገርሽ፤ አንደኛዋ ሚስራ ናት።

ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ፣ "አብዱልአዚዝን ስታቋቁመው ጫማው ካልተሸጠ ብለህ መውጫ ፈልገህለት ነበር?" አለችኝ። አልፈለግኩለትም። ያን ልጅ ሙሉ ዕቃ አስጭኜ ስሸኘው ይከስራል የሚል ሐሳብ እንኳን አልመጣብኝም። ለአንቺ ግን ሳላውቀው አስቤ ነበር። ያልሽው ትክክል ነው፤ ይህን ለመጻፍ እንዴት እንደከበደኝ አላህ ያውቃል።

ሁለተኛው ፋይልሽ ነው። መጀመሪያ የከፈትኩት ልረታሽ ነበር። እኔ የአክሱማዊትን ፎቶ ቤት አላምንም፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማምነው። ከጎረቤቴ ላይ ራይዘን 5 ተዋስኩና ከተመለሰው አይ ሰቨን ጎን አስቀመጥኩት። የፎቁን ነጋዴዎች ሁሉ ጠራኋቸው። "ኑ፣ እህቴ ስትሸነፍ እዩ" አልኳቸው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አስጀመርናቸው። የራይዘኑ ተከፍቶ ዛፉ፣ ቡናው፣ እንሰቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ አይ ሰቨኔ ነጭ ስክሪን ይዞ ይንፏቀቃል። ነጋዴዎቹ ምን እንዳሉኝ አልጽፍልሽም፤ አንቺ ልጅ ነሽ። አንዱ ግን ወደ ሥዕሉ ቀረብ ብሎ፣ "ይሄ ቦታ የት ነው? ሰው ይኖርበታል?" ብሎ ጠየቀኝ። "አገሬ ነው" አልኩት።

እንግዲህ ነገ በፍቃዱ ይዞልሽ ይመጣል። ራይዘን 5 ነው፤ አዲስ፣ ማንም ያልነካው። ራሙ እንዳልሽው ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። አንድ ትልቅ ከሚሆን ሁለት እኩል ቢሆን ግራፊክሱ ይፈጥናል ያልሽኝን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ እውነት ነው። ሰሞኑን የራም ዋጋ ጣራ ነክቷል፣ ቢሆንም አልቀነስኩም። ዩፒኤስም አለ፤ እሱ የኔ ምርጫ ነውና እንዳትመልሺው። ቦርዱ ወደፊት ከዚህ የጠነከረ ፕሮሰሰር ይቀበላል፤ ሥራሽ ሲሰፋ ሌላ እንተክላለን።

መልሶ የሚገዛኝ የሌለ ዕቃ ከሱቄ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንዳትሸጪው።

አባ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ያለኝን አልነግርሽም።

ወንድምሽ ሙሐሲን


ዲላ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ፣

ከመጣልኝ ወዲህ አጭር ምስጋና ብቻ እየላኩ ስላስቀየምኩህ አውፍ በለኝ። "ገጠምሽው ወይስ ካርቶኑን እያየሽ ነው?" ብለህ የላክኸውን አይቼ ስቄያለሁ፤ ለመመለስ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ራሴ ነኝ የገጠምኩት። እማ እሳት እንዳይነሳ ብላ ባልዲ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱ ጮኸ፤ እኔ ሥራዬን አስቀምጬ በእርጋታ ዘጋሁት። ያኔ ወንድሜን መረቅኩት። ይግላል ያልከውም ሐሜት ነው። ሙሉ ቀን ስሠራበት ምንም አይሞቅም ብዬ አልዋሽህም፣ ግን አላስቸገረኝም።

ለገና ደረሰልኝ። አቶ ባልቻ አምስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ ሁለቱ ሥራው አዲስ አበባ ይሂድ ይሉ የነበሩት ናቸው። ክፍሉ ስለጠበበ ግማሾቹ በር ላይ ቆሙ። በጌዴኦኛ ብዙ ተነጋገሩ። አንደኛው አዛውንት ስክሪኑ አጠገብ ጎንበስ ብለው እንሰቱን አዩና፣ ቅጠሉ ወደ ላይ መቆም አለበት፣ እኛ ጋ እንዲህ አይንጋደድም አሉኝ። እዚያው ፊታቸው አቆምኩት። እጄን ተከትሎ ሲቆም አይተው ወደ ባልቻ ዞረው የተናገሩት ነገር አለ። ምን እንዳሉ አልጽፍልህም። ኤግዚቢሽኑ ላይ አቶ ባልቻ ባነሩ ሥር ሲቆሙ እሳቸውን ጠይቃቸው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ለማንም አላወራሁትም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ብቻዬን ቀርቼ ሥራዬን ተመለከትኩት። ቆንጆ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ በመረጥኩት መሣሪያ። እንዲህ ያለ ኩራት ኖሮኝ አያውቅም።

አባ እስካሁን ስለ ክፍሉ አልወሰነም። ኤግዚቢሽኑ ይለፍ እያለ ነው። አባ ደውሎ ያለህን ንገረኝ ብልህ ትነግረኛለህ?

ሀዲጃ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወዐለይኪ ሰላም የዲላዋ ነጋዴ፣

ሱቄን ዘግቼ ሄጄ ነበር። በሥራ ቀን ሱቅ ዘግቼ አላውቅም፤ ሚስራን ጠይቂያት።

ከበሩ ስገባ ያንቺን ገና ከሩቅ ለየሁት። ስንት ባነር ተሰቅሏል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስኒ፣ አንድ ዓይነት ፍሬ። ያንቺ ሥር ግን ሰው ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ሲጎላም ቅጠሉ አልተበላሸም። ከላይ የቀበሌው ስም በትልቁ ተጽፏል። አቶ ባልቻ አዲስ ኮት ለብሰው ከሥሩ ቆመዋል። ራሴን ሳስተዋውቃቸው እጄን ይዘው አልለቅም አሉ። "ማሽን የመለሰች ልጅ ወንድም አንተ ነህ? ጥሩ ሰው ነህ፤ ሁለተኛዋን ላክህ" አሉኝ። እንዴት እንደሳቅኩ!

አዛውንቱ ያሉትን ጠየቅኳቸው። "ይቺ ልጅ የእኛን ማሳ አውቃ ነው የሳለች፣ ከእንግዲህ ሥራችን የትም አይሄድም" ብለው ነው። ይህን ደብቀሽ እንዴት ተኛሽ?

አንዲት የውጭ ገዢ በአስተርጓሚ መጥታ፣ ከረጢቱን እያገላበጠች፣ የትኛው የአዲስ አበባ ድርጅት እንደሠራው ጠየቀች። ባልቻ እኔን ሳያስቀድሙ፣ "ዲላ ነው፤ ከዲላ!" አሉ። ሁለት የሌላ ማኅበር ሰዎች ደግሞ ስልክሽን ወስደዋል፤ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፤ ቀድሜ ሳልጠይቅሽ ስለሰጠሁ አውፍ በይኝ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈልጉ አንቺው ጠይቂያቸው፤ እኔ ከእንግዲህ ለአንቺ አልመርጥም።

አሁን አባ ያለኝን ልንገርሽ፤ ደብቄ አልቻልኩም። ያን ቀን ደውሎ ምን አለ መሰለሽ? "ሳቋቁምህ የሰጠሁህን ሁሉ እሺ ብለህ ተቀበልክ። አብዱልአዚዝም የሰጠኸውን ሁሉ ተቀበለ። ያልፈለገችውን ዕቃ የመለሰች ይቺ ብቻ ናት። ነጋዴ የወለድኩት ዘንድሮ ነው" አለኝ። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ቀጥሎ ግን፣ ወላሂ፣ ኮራሁ።

ወንድምሽ ሙሐሲን


ዲላ፣ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ ሙሐሲን፣

ለመጪው ረመዳን እንኳን በሰላም አደረሰህ። ደብዳቤህን ለእማ ጮክ ብዬ ሳነብላት አባ ያለው ጋ ስደርስ ስልኩን ለታናሽ እህታችን ለኢልሃም ሰጠኋት፤ ቀሪውን እሷ ጨረሰችው። እማም አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ "ለምን ለኔ አልነገረኝም?" ብላ አባን ተቆጣችው።

የሰጠሃቸው ሰዎች ሁለቱም ደውለዋል። አንደኞቹ ከጪጩ ናቸው፤ ማክሰኞ ሄጄ ማሳቸውን አያለሁ።

"ክፍሉስ?" ብለሃል። አባ ትናንት በፍራሽ ጉዳይ ሠራተኛ ጠርቶ፣ እኔ ልቤ ቆሞ ሳየው፣ የቀሩትንም ፍራሾች አወጣና ወደ ኋላ መጋዘን አስገባቸው። ክፍሉ በእጥፍ ሰፋ። በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና፣ ኢልሃም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ መቀመጧን አስታወሰኝ። ቀጥሎ "የኢልሃም ነገር ባንቺ ነው" ብሎ ወጣ።

ሙሐሲን፣ ይህን ቃል ለማን ለማን እንዳለው ታውቃለህ። ለአንተ ስለ አብዱልአዚዝ ብሎሃል። ለአብዱልአዚዝ ስለ እኔ ብሎት ነበር። ለሴት ልጅ ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም። ተቆጠርኩ። ያን ሰዓት ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ብትጠይቀኝ ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም። ለአብዱልአዚዝም ወዲያው ደወልኩለት፤ "ተራውን ወስጄብሃለሁ" ስለው ሳቀና መረቀኝ፤ አልሸሽግህም ደስ አለኝ።

ከዚያ ማታ ኢልሃምን ጠርቼ አዲሱ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ቆማለች። እንዴት እንደማቋቁማት አስረዳኋት። ፎቶ ቤት እንደሚሆንላት፣ የትኛው ካሜራ እንደሚሻል፣ መደርደሪያው የት እንደሚሆን፣ ስሙ ምን እንደሚባል ሳይቀር ነገርኳት። ሁሉንም መርጬላት ነበር፤ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው፣ ብታየው ትወደው ነበር። ስጨርስ ሌላውን ወንበር ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና፣

"እሺ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልናገር" አለች።

እህትህ ሀዲጃ ኡስማን